ባዳቾ የቆረጠው መስመር

ወላይታ ሶዶ ውስጥ የተሰረቀ፣ የተደበደበ፣ የተሰደበ ወይም ድንበሩን የተገፋ ሰው ፖሊስ ጣቢያ በር ከመድረሱ በፊት ባዳቾ ፊት መቆሙ አይቀርም። ከበሩ ትይዩ፣ አስፋልቱን ተሻግሮ፣ በተጣፈ ጃንጥላ ሥር ተቀምጦ ማመልከቻ የሚጽፈው ቀጭን ሰው እሱ ነው። ዕድሜው ሃምሳ ስምንት ነው፤ አስራ ዘጠኙን ዓመት ያሳለፈው እዚያው ወንበር ላይ ነው። አባቱ የአውራጃው ጽሕፈት ቤት ታይፒስት ነበሩ። ከእሳቸው የወረሰው ሁለት ነገር ቢኖር ቀጥ ያለ የእጅ ጽሑፍና ከእኔ በላይ አማርኛ አዋቂ ላሳር የሚያሰኝ ትዕቢት ነው።

ትዕቢቱም እንዲያው ባዶ አልነበረም። ከገጠር የሚመጣው ሰው የደረሰበትን የሚናገረው በወላይትኛ ነው፤ መዝገቡ የሚከፈተው ደግሞ በአማርኛ ነው። መሃል ላይ የተቀመጠው ባዳቾ ነው። ባለጉዳዩ ከአያቱ ዘመን ይጀምርለታል፤ ባዳቾ ደግሞ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አድርጎ፣ "ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ" ይላል። ከዚያ ትምህርቱ ይቀጥላል።

"ነገሩ የሆነው የት ነው? የሚቀበልህ እዚያው ያለው ጣቢያ ነው፤ አረካ ተደብድበህ ሶዶ አትከስም። መቼ? ሰዓቱን ካላወቅህ ከብት የገባበትን ወይ ሰው ከጸሎት ቤት የወጣበትን ንገረኝ። ማን አየ? ስም ከነአባት። ውስጥ ገብተህ ቃልህን ስትሰጥ መልሰው ያንብቡልህ፤ ሳይነበብልህ እንዳትፈርም። ስትወጣ የመዝገብ ቁጥር ጠይቅ። ቁጥር ከሌለው ያወራኸው ወሬ ነው።"

ይህን ሁሉ የሚናገረው በነፃ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ለብዙ ሰው ጠቅሟል። አንድ ሕግ ግን የማንም ሳይሆን የራሱ ነበር፤ ማመልከቻ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። መርማሪ ሥራ የበዛበት ሰው ነው፣ ሁለተኛ ገጽ ሲያይ ፊቱ ይጠቁራል ብሎ ያምናል። ስለዚህ ይቆርጣል። ሴትየዋ እያለቀሰች ሩብ ሰዓት የተናገረችውን "ሰድቦና አዋርዶ" በሚሉ ሁለት ቃላት ያሳልፈዋል። ሲቆርጥ ደስ ይለዋል፤ አጎንብሶ የሚስቀውን ፈገግታ ያየ ሁሉ ያውቀዋል።

እታፈራሁ የመጣችው በጥቅምት ወር፣ በገበያ ቀን ጠዋት ነው። አርባ ዓመት ቢሆናት ነው። ከጉኑኖ ወዲያ ካለች ቀበሌ በሚኒባስ መጥታ፣ ሌሎቹን ጃንጥላዎች አልፋ፣ በስሙ ጠይቃ ነበር ያገኘችው። ባሏ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ልጅ አልወለዱም። የቀራት አንዲት ቤት፣ ከቤቱ ጀርባ ያለ የእንሰት ጓሮና አንድ ቁራጭ መሬት ነው። ያንን መሬት የባሏ ወንድም ጦና ይፈልገዋል።

"መጀመሪያ እንደ ድሮው ወግ ላግባሽ አለኝ። እምቢ አልኩ" አለች በወላይትኛ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ከዚያ ጎረቤቴ እየሰማች፣ ከዚህ መሬት በእግርሽ አትወጪም አለኝ።"

"ጥሩ!" አለ ባዳቾ እየጻፈ። ጥሩ ያለው ለማስረጃው ነው፤ እሷ ግን ደንግጣ አየችው። "የጎረቤትሽ ስም ከነአባቷ?"

ነገረችው። ቀኑንም ነገረችው። ጣቢያው ሶዶ ሳይሆን የወረዳዋ እንደሆነ አስረዳትና ማመልከቻውን ወደዚያ አቀናው። ሊጨርስ ሲል እጇን ጠረጴዛው ላይ አደረገች።

"ሌላም አለ። ጓሮዬ ገብቶ፣ እንሰቱ መሃል ጉድጓድ ቆፈረ። ሦስት ቀን ሙሉ ቆፈረ። ምንድን ነው ብዬ ብጠይቀው፣ ለቆጮሽ መቅበሪያ ነው፣ ብቻሽን ስለሆንሽ ልርዳሽ ብዬ ነው አለኝ።"

ባዳቾ ብዕሩን ከወረቀቱ አነሳ። ለእሱ የገባው ሌላ ነው፤ አንድ ሰው ባሏ ለሞተባት የወንድሙ ሚስት ጉልበቱን ሰጠ፣ ሦስት ቀን ደከመላት። ይህን ጽፎ መርማሪ እጅ ማስገባት ለተከሳሹ ጥብቅና መቆም ነው።

"ይህን እንተወው። ይኼ ሰውዬ እኮ እየረዳሽ ነው ይሉሻል። ክስሽን ያበላሸዋል።"

"ጋሼ፣ እኔን ያመጣኝ እኮ ጉድጓዱ ነው።"

"የሚያስከስሰው ዛቻው ነው፣ እህቴ። ጉድጓድ መቆፈር ወንጀል አይደለም።"

አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተች። ከዚያ ወረቀቱን አየች፣ ቀጥ ያሉትን መስመሮች አየች፣ እና እጇን ከጠረጴዛው አነሳች። ያን ያህል መንገድ የመጣችው የሚያውቅ ሰው ፍለጋ ነው፤ የሚያውቀው ሰው ደግሞ ተዪው አላት። ማመልከቻው ሦስት ሩብ ገጽ ሆኖ ወጣ። አጥፋ ደረቷ ሥር ከተተችውና ወደ መናኸሪያ ሄደች።

በማግስቱ ባዳቾ ለምሳ ቤቱ ገባ። ባለቤቱ አሳየሽ የተቀቀለ ጎደሬ አቅርባ ነበር። የዋለበትን ጉዳይ ሁሉ እየበላ ይነግራታል፤ እሷም መስማት ትወዳለች። እያጣፈጠ፣ ስለ ዶሮ ሌባውና ስለ ሁለቱ የባጃጅ ሹፌሮች ጠብ ካወራ በኋላ ወደ እታፈራሁ መጣ። የባሏ ወንድም፣ ዋርሳዋ፣ ጉድጓድ ስለቆፈረላት ልትከሰው የመጣች ሴት ብሎ ጀመረ።

አሳየሽ ማላመጧን አቆመች። "ማን ነው የቆፈረው?"

"ዋርሳዋ አልኩሽ።"

"ወንድ?"

"ሴት ዋርሳ አለ እንዴ?"

አልሳቀችም። አሳየሽ ገጠር ተወልዳ እስክታገባ ድረስ ከእናቷ ጋር እንሰት የፋቀች ሴት ናት። ባዳቾ የከተማ ልጅ ነው፤ ቆጮን የሚያውቀው ገበያ ላይ በቅጠል ተጠቅልሎ ነው።

"እኛ ዘንድ እንሰት የሚፋቀውም የሚቀበረውም በሴት እጅ ነው። ወንድ ድርሽ አይልም። እናቴ ስትፍቅ አባቴ በዚያ በኩል አያልፍም፣ ዞሮ ነበር የሚሄደው። ጉድጓዱንም የምትቆፍረው ራሷ ናት፤ ክብ ነው፣ ቢበዛ እስከ ጉልበት ነው፣ ግማሽ ቀን አይፈጅም። ሦስት ቀን የተቆፈረው ምንድን ነው?"

ባዳቾ ጎደሬውን ሳህኑ ላይ መለሰ።

"ጻፍከው?" አለችው።

"ቆረጥኩት።"

አሳየሽ ተነስታ ኮቱን አመጣችለት። ባዳቾ በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ራሱን ጠልቶ አያውቅም። ሴትየዋ ነግራዋለች። በግልጽ፣ በሚያውቀው ቋንቋ፣ ሁለት ጊዜ ነግራዋለች።

መናኸሪያ ሲደርስ የጉኑኖው ሚኒባስ ገና አልሞላም ነበር። ረዳቱ "አንድ ሰው፣ አንድ ሰው" እያለ ሲጣራ፣ አራት ሰው ከገባ በኋላም ያው አንድ ሰው ነበር የቀረው። ዳሞታ ተራራ ጫፉ በደመና ተሸፍኗል። ባዳቾ መስኮቱ ጋ ተቀምጦ በልቡ ይቆጥራል፤ ትናንት ከሰዓት አመልክታ ከሆነ፣ መጥሪያ ወዲያው ወጥቶ ከሆነ፣ መጥሪያውን ለቀበሌ ሰው ሰጥተውት ከሆነ። ጦና መከሰሱን አውቋል ማለት ነው። እስካሁን ሲያስፈራራ የነበረ ሰው፣ አሁን ምክንያት አግኝቷል።

በእታፈራሁ ወረዳ ጣቢያ መዝገቡን የያዘችው ሳጅን ትንሳኤ የምትባል መርማሪ ነበረች፤ ወጣት ናት፣ ረጋ ያለች። ማመልከቻውን ከፋይል አውጥታ አሳየችው። የራሱ ጽሑፍ ነው፤ ንጹሕ፣ ስርዝ ድልዝ የሌለበት።

"ለሰኞ ቀጥረነዋል። መጥሪያው ትናንት ማታ ደርሶታል" አለች። "ዛቻ ነው፣ ጋሼ። እንዲህ ያለ በሳምንት ስንት ይመጣል።"

"ጓሮዋ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሯል። እንሰቱ መሃል። ሦስት ቀን።"

ሳጅን ትንሳኤ ቀና አለች። "እሱ ነው የቆፈረው? ወንዱ?"

"እሱ ነው።"

"ታዲያ ይሄ እዚህ ላይ የት አለ? ቃሏን ስቀበል የምትጨምሪው አለ ወይ ብዬ ጠይቄያታለሁ። ወረቀቱ ላይ ያለው ይበቃል ተብያለሁ አለችኝ። ማነው ይበቃል ያላት?"

"እኔ ነኝ። ነግራኛለች፤ እኔ ነኝ የቆረጥኩት።"

አልተቆጣችውም። ቢቆጡት ይሻለው ነበር። ኮፍያዋን አንስታ አንድ ባልደረባዋን ጠራች፤ መኪናው ሌላ ቦታ ስለነበር መንገዱ እስከሚቻለው ድረስ በባጃጅ፣ ከዚያ በእግር ሄዱ።

ጦናን እታፈራሁ ደጃፍ ላይ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጦ አገኙት። ፖሊሶቹን ሲያይ ተነስቶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ በሁለት እጁ ጨበጣቸው። ለባዳቾም እጁን ዘረጋ፤ እጁ ሰፊና ለብ ያለ ነበር። በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል። ሳጅን ትንሳኤ ስሟን ጠርታ ማንነቷን ስትናገር መቀርቀሪያው ቀስ ብሎ ተነሳና እታፈራሁ ብቅ አለች። ከንጋት ጀምሮ እዚያ እንደተቀመጠ፣ አንድም ቃል እንዳልተናገረ፣ ውሃ ለመቅዳት እንኳ እንዳልወጣች ነገረቻቸው።

"የወንድሜን ቤት እየጠበቅሁ ነው። ጊዜው ክፉ ነው" አለ ጦና ፈገግ ብሎ።

ጉድጓዱ ከቤቱ ጀርባ፣ ሰፋፊዎቹ ቅጠሎች ከመንገድ በሚጋርዱት ቦታ ነበር። ክብ አይደለም። ሳጅን ትንሳኤ ወርዳ ስትቆም አፈሩ ደረቷ ድረስ ደረሰ። ርዝመቱን በእርምጃ ለካች፤ ሁለት እርምጃና ትርፍ። ዳሩ ላይ አራት የእንሰት ችግኝ ሥራቸው በእርጥብ ቅጠል ተጠቅልሎ ተደርድሯል።

"ይሄስ?" አለችው።

"ጉድጓዱ ሲሞላ ከላይ የሚተከል ነው።"

"በምን ሲሞላ?"

"በቆጮ ነዋ፣ ሳጅን" አለ ጦና። ድምፁ አልተለወጠም። ባዳቾ ግን የጉድጓዱን ርዝመት በዓይኑ በሰው ቁመት ለካው።

ያን ቀን ጦናን ይዘውት ሄዱ። ጉድጓዱን በስልክ ፎቶ አነሱት። እታፈራሁ እንደገና ቃሏን ሰጠች፤ በዚህ ጊዜ ሁሉንም ተናገረች፣ ተነበበላት፣ ፈረመች። ባዳቾ ወደ ሶዶ ሲመለስ ሰው ያዳነ መሰለው። ይህም ያው የድሮ ትዕቢቱ ነው።

ጦና በአምስተኛው ቀን በዋስ ወጣ። ልረዳት ነው የቆፈርኩት ከሚል ቃል ፈቀቅ አላለም፤ ባዶ ጉድጓድ ደግሞ ማንንም አልገደለም። በስድስተኛው ቀን ሰባት ሽማግሌዎች እታፈራሁ ደጃፍ ላይ ገና ሳይነጋ ተደርድረው ተቀመጡ። ውሃ ብታቀርብላቸው አልቀመሱም፤ ይቅር ሳትይ አንቀምስም አሉ። በማግስቱም መጡ። በመጡ በሦስተኛው ቀን ጎረቤቷ ያን ዛቻ በደንብ አልሰማሁትም ማለት ጀመረች። በአራተኛው ቀን እታፈራሁ ውሃውን እንዲጠጡ ለመነቻቸው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ባዳቾ ጃንጥላው ሥር ሆኖ ቀና ሲል ሦስት ሰዎች ፊቱ ቆመዋል፤ ጦና፣ እታፈራሁ፣ እና ከሽማግሌዎቹ አንዱ አቶ ቦጋለ፣ ነጭ ጢም ያላቸው የተከበሩ ሰው።

"ታርቀናል" አለ ጦና በአማርኛ። "ጉድጓዱን ሽማግሌ ፊት በእጄ ደፍኛለሁ። አሁን እሷ ክሷን ታንሳ። ያንተ ጽሑፍ ያምራል አሉኝ።"

ባዳቾ የመታወቂያችሁ ኮፒ ያስፈልጋል ብሎ ጦናን ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት ላከው። አቶ ቦጋለም የሚነግራትን የገመቱ ይመስል ጥቂት ፈቀቅ ብለው ጀርባቸውን ሰጡ።

"አታንሺ" አላት ፈጥኖ። "ዛቻ ባለቤቱ ሲተወው አብሮ የሚሞት ክስ ነው። አንዴ ካነሳሽው እንደገና መክፈት ጭንቅ ነው። አስገድደውኛል ብለሽ ለሳጅን ንገሪያት።"

"ከዚያስ?" አለች እታፈራሁ። "አንተ እዚህ ነህ። ሳጅኗም ጣቢያዋ ነው ያለችው። እኔ እዚያ ነኝ፣ ጋሼ። ሽማግሌ እምቢ ያለችን ሴት በእሳት እንኳ ማን ይደርስላታል?"

 ፎቶ ኮፒ ቤቱ በር ላይ ጦና ተራውን እየጠበቀ ወደ እነሱ ይመለከታል።

"ጻፈው" አለች። "ግን ዛሬ አትቁረጥ።"

ባዳቾ ጻፈ። ጦና ሲመለስ የመጀመሪያውን ገጽ ጨርሶ ወደ ሁለተኛው ተሻግሮ ነበር፤ በአስራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ሁለተኛ ገጽ ነው። ላግባሽ ማለቱን፣ በእግርሽ አትወጪም ማለቱን፣ ሦስቱን ቀን፣ የጉድጓዱን ጥልቀትና ርዝመት፣ አራቱን ችግኞች፣ ደጃፏ ላይ የተቀመጠበትን ቀን፣ ሽማግሌዎቹ ስንት ጠዋት እንደመጡ፣ ሁሉንም አሰፈረ። መጨረሻ ላይ፣ ክሴን ያነሳሁት ስለ ሽማግሌዎች ክብር ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ አንድ ነገር ብሆን ወይም ብጠፋ፣ ይህ ጽሑፍ ቃሌ ነው የሚል በእሷ ስም ጨመረ። ከዚያ ተነስቶ፣ ድምፁን ሳይቀንስ፣ በወላይትኛ እየመለሰ ከላይ እስከ ታች አነበበላቸው። ከጎኑ ያሉት ጸሐፊዎች ሥራቸውን አቁመው ሰሙ። አቶ ቦጋለ ከዘራቸውን ተደግፈው መሬት መሬት ያያሉ።

"ብዙ ጻፍክ" አለ ጦና።

"የሆነውን ነው የጻፍኩት። እውነት ካልሆነ ተናገር፣ እሰርዘዋለሁ።"

ጦና አቶ ቦጋለን አየ። ሽማግሌው ቀና አላሉም፤ "ፈርም" አሉት ብቻ። አውራ ጣቱን ቀለሙ ላይ ተጫነና አተመ። እታፈራሁም አተመች። ባዳቾ ከሥር ስሙን ከነአባቱ ጽፎ ፈረመ፤ ከዚህ በፊት በማንም ማመልከቻ ላይ ስሙን አኑሮ አያውቅም።

ጦና ጣቱን በመሐረብ ጠርጎ ወደ ጠረጴዛው ተጠጋ።

"ይቺ ያንተ ስም ናት?"

"አዎ።"

"ቤትህ የት ሰፈር ነው?"

በመልካም ድምፅ ነው የጠየቀው፤ ዘመድ ሊጠይቅ እንደሚመጣ ሰው። ባዳቾ ሰፈሩን ነገረው። ለምን እንደነገረው በኋላም ለአሳየሽ ማስረዳት አልቻለም፤ እሷም ከዚያ ቀን ጀምሮ በሩን በቀን ትቀረቅር ጀመር።

እታፈራሁ ከመሄዷ በፊት የሁለቱን ገጽ ኮፒ ባዳቾ ጋ ትታ፣ በቀስታ ከእሱ ጋር አንድ ነገር ተስማምታ ነበር። በየገበያው ቀን ከአራት ሰዓት በፊት በጃንጥላው ፊት ታልፋለች። መቆም አያስፈልጋትም፣ ሰላምታም አያስፈልግም፤ ማለፍ ብቻ ነው፤ ካላለፈች አንድ ነገር ሆናለች ማለት ነው። ለሳጅን ትንሳኤም ስልክ ደውሎ ነገራት፤ ክሱ ቢነሳም ማንም ሰው ጥቆማ ማቅረብ ይችላል፣ ብቻ አንተ አትዘግይ አለችው።

በመጀመሪያው የገበያ ቀን አለፈች። ቅቤ በቅጠል ይዛ ነበር። በሁለተኛውም አለፈች፤ ጦና አስር እርምጃ ያህል ከኋላዋ ነበር። ባዳቾን ሲያይ ባርኔጣውን አነሳለት።

በሦስተኛው ገበያ ቀን ባዳቾ ከንጋት ጀምሮ ለማንም አልጻፈም። አንድ ሰው ስለተሰረቀበት ስልክ ሲነግረው ዓይኑ መንገዱ ላይ ነበር። ሦስት ሰዓት ሆነ፤ የጉኑኖ ሚኒባሶች እየመጡ ሰው አራገፉ። አራት ሰዓት ሆነ። ታማ ይሆናል፣ መኪና አጥታ ይሆናል፣ ሐዘን ገጥሟት ይሆናል እያለ ሩብ ሰዓት ጨመረ። ከዚያ በራሱ ላይ ነደደው፤ አሁንም ለሰውየው ጥብቅና እየቆመ ነው። ጃንጥላውን እንደተዘረጋ ትቶ ስልኩን አወጣ።

"ሳጅን፣ አላለፈችም።"

ከወዲያኛው በኩል ወንበር ሲገፋ ይሰማል። "ጠቋሚ ማን ብዬ ልመዝግብ?"

ባዳቾ ስሙን ከነአባቱ ነገራት።

"እኔ አሁን እየወጣሁ ነው" አለች። "አንተም ድረስ። ሁለቱንም ገጽ ይዘህ ና።"